እትዬ ጫልቱ ያሸነፉት ጨዋታ

እትዬ ጫልቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የደወለልኝ ረዲ ነበር፤ መቱ ገበያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው የድሮ ወዳጄ። ሰላምታውን አንዴ ጨርሶ እንደገና ሲጀምረው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«እትዬ ጫልቱን ታስታውሳቸዋለህ አይደል?» አለኝ።

ጥያቄው ግራ አጋባኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያው መቱ፣ በአንዲት ጠባብ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ሥራ ቀይሬ ጎሬ ከገባሁ በኋላም ለበዓል ሳልደውልላቸው የቀረሁት ባለፈው ዓመት ብቻ ነው።

«ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቡሬ፣ እህታቸው ዘንድ ነበሩ። ደም ግፊት ነው አሉ። ብዙም አልታመሙም።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ የመጣብኝ ፊታቸው አልነበረም፤ አንድ ጥያቄያቸው ነው። ከተማው የሚያወራለትን የቼዝ ጨዋታ ባሸነፉ ማግስት፣ ሰው ሁሉ እጃቸውን እየጨበጠ «እንኳን ደስ ያለዎት» ሲላቸው፣ ወደ እኔ ዞር ብለው «ግን ለምን ይመስልሃል ያሸነፍኩት?» ነበር ያሉኝ። እኔ እንደ ቀልድ ወስጄው ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መልሱን ሲፈልጉ ስድስት ዓመት ኖሩ።

እትዬ ጫልቱ አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ። የነጭ ጋዋናቸውን እጅጌ ሁለት ጊዜ አጥፈው ይሰበስቡታል፤ ከኪሳቸው እርሳስና ከረሜላ አይጠፋም። ማሰብ ሲጀምሩ ቀኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ፤ ያኔ ማንም ቢያናግራቸው አይሰሙም። ከአንደበታቸው የማይጠፋው ቃል ደግሞ «ቆይ እስቲ» ነበር። ዛሬ ይዘንባል ቢሏቸው፣ «ቆይ እስቲ፣ በምን አወቅክ?» ይላሉ። ሰውን ለማፋጠጥ አይደለም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። እከሌ ከሚስቱ ጋር ተጣላ ሲባልም «ቆይ እስቲ፣ አንተ እዚያ ነበርክ?» ስለሚሉ፣ ወሬኛ ሁሉ ወሬውን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል።

ከሳቸው ጋር መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። ከቡሬ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትኩሳት ይዟቸዋል። ደማቸውን በማይክሮስኮፕ አየሁና ወባ የለም ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እትዬ ጫልቱ ከኔ በኋላ ደም የተቀባባቸውን ስላይዶች ደግመው የማየት ልማድ ነበራቸው፤ ለአዲስ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጃቸው አፋቸው ላይ ሆኖ አየሁት።

«ና እስቲ እዚህ፣ ዮናስ» አሉኝ። ዓይኔን ሳስጠጋ ተሕዋሲዋ አለች። ጥግ ላይ፣ አንዲት ብቻ። ቀጥሎ ሌላ አገኙ።

እኔ ቆሜ ስደነግጥ እሳቸው ጋዋናቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወጥተው ባጃጅ አስቆመዋል። ተከትያቸው ገባሁ። መናኸሪያ ስንደርስ የቡሬው አውቶቡስ ሞልቶ ሞተሩን አስነሥቷል። እትዬ ጫልቱ ሾፌሩን በእጃቸው አስቁመው ተሳፈሩና በወንበሮቹ መሐል ቆመው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ ሽማግሌውን በኦሮምኛ «አባባ፣ ተሳስተናል። ወባ አለብዎት። መድኃኒት ሳይወስዱ አይሂዱ» አሏቸው። ተሳስቷል አላሉም፤ ተሳስተናል ነው ያሉት።

ሽማግሌውን መድኃኒት አስይዘን ከሸኘን በኋላ ቁጣውን መጠበቅ ጀመርኩ። እትዬ ጫልቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ከየት በኩል ነበር ማየት የጀመርከው?» አሉኝ።

«ይቅርታ እትዬ፣ እኔ…»

«ይቅርታህን አልጠየቅኩህም። ከየት ጀምረህ የት ላይ እንዳቆምክ ነው ማወቅ የፈለግኩት። እንዴት እንዳመለጠችህ ገርሞኛል።»

ስላይዱን ደግሜ አስጠግቼ ያየሁበትን መንገድ አሳየኋቸው። ጠርዙን እንደማልነካው ያኔ ነው ራሴም ያወቅኩት። እሳቸው ጥሩ ዜና እንደሰማ ሰው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ቼዝ የለመዱት በአርባ ምናምን ዓመታቸው ነው። ረዲ አባቱ ከስልጤ መጥተው በከፈቱት ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለት ሰሌዳ ዘርግቶ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት መምህራኑም ነጋዴውም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም እዚያ ይሰበሰባል። እትዬ ጫልቱ አንድ ቅዳሜ ለመዝገብ የሚሆን ባለካሬ ደብተር ሊገዙ ሄዱና ደብተሩን ደረታቸው ላይ ታቅፈው ቆመው ቀሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ይሄ ፈረስ ብቻውን ለምንድነው እየዘለለ የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ወር ሳይሞላ ረዲን አሸነፉት።

በዚያን ጊዜ መቱ ውስጥ ቼዝ ማለት ጋሽ ኢተፋ ማለት ነበር። ግብርና ቢሮ የቡና ባለሙያ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ኪስ እስክሪብቶ የማይለይ ሰው። አንድ ወፍራም የቼዝ መጽሐፍ ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ያልገለበጠ ተጫዋች ስላልነበረ፣ በረንዳው ላይ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ ሲጀመር አንድ ዓይነት ነው። የመጀመሪያውን አሥር እርምጃ ሁለቱም ሰዎች እንደ ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል፤ ማሰብ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እትዬ ጫልቱ ግን ጥቁር ሲደርሳቸው በጭራሽ ከዚህ መጽሐፍ ያልወጣ ነገር ያደርጉ ነበር። ሌላው ሰው የመሐሉን ወታደር ወደፊት ሲገፋ፣ እሳቸው የጠርዙን፣ በቀኛቸው ዳር ያለውን ወታደር፣ አንድ እርምጃ ብቻ ያነሡታል። ቀጥለው ከጎኑ ያለውን ሁለት እርምጃ ይገፉታል። መሐሉን ለባላጋራቸው ትተው እሳቸው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። ስም ያለው፣ ሌላም አገር የሚጫወቱት መከላከያ መሆኑን እኔ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ኢንተርኔት ላይ ነው። በረንዳው ላይ ግን ስሙን ያወጣለት ረዲ ነበር።

«እትዬ፣ ሰው ቤት በጓሮ በር ነው እንዴ የሚገባው?» አላቸው አንድ ቀን፣ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ «የጓሮ በር» ተብሎ ቀረ።

ለምን እንደዚያ እንደሚጫወቱ ጠየቅኳቸው።

«በመጽሐፉ ከሄድኩ የምጫወተው ከመጽሐፉ ጋር ነው» አሉኝ። «እኔ ደግሞ መጽሐፉን አላውቀውም። ሰውየውን ነው ማወቅ የምፈልገው። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ግራ ሲገባው ፊቱን አይተኸዋል? እዚያ ላይ ነው ራሱ ማሰብ የሚጀምረው።»

የመሥሪያ ቤቶች ውድድር የተደረገው እሳቸው መጫወት በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ከየወረዳው ተጫዋች መጥቶ ነበር። ሴት እሳቸው ብቻ ናቸው። የጤና መሥሪያ ቤታችንን ወክለው ገቡና አንድ ባንድ እየጣሉ ለመጨረሻው ጨዋታ ከጋሽ ኢተፋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጥቁሩ የደረሰው ለሳቸው ነው።

እትዬ ጫልቱ የጠርዙን ወታደር ሲያነሡ ከኋላ የቆመው ሰው ተንሾካሾከ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ጋሽ ኢተፋ አልሳቁም። ሰሌዳውን ትተው የእትዬ ጫልቱን ፊት ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ማጥቃት ጀመሩ። በጥሩ ሁኔታ ነበር ያጠቁት፤ አንድ ፈረሳቸው ከእትዬ ጫልቱ ንጉሥ አጠገብ ደርሶ ቆመ፣ ከፈረሱ ኋላ ወታደር፣ ከወታደሩ ኋላ ደግሞ ሩክ፣ ያ ግንብ የሚመስለው ጠጠር። እትዬ ጫልቱ በአሥራ ስምንተኛው እርምጃ ትንሽ ወታደር ገፍተው ፈረሱን አስፈራሩት። እንግዲህ ወይ ይሸሻል ወይ እሳቸው ይበሉታል።

ጋሽ ኢተፋ ሃያ ደቂቃ ያህል አሰቡ። ላብ ከግንባራቸው ሲወርድ አይቻለሁ። በመጨረሻ ፈረሱን ወደ ኋላ መለሱት። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ተገለበጠ። የእትዬ ጫልቱ የዳር ወታደሮች እየገሰገሱ ወረዱ፤ ሠላሳ አንደኛው እርምጃ ላይ ጋሽ ኢተፋ ንጉሣቸውን በጣታቸው አስተኙትና ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ጥሩ ተጫውተሻል» ብለው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ከተማው ጉድ አለ። በሴት ተሸነፈ፣ ያውም በጓሮ በር። ንቋት ነው፣ ሳያስብ ተጫውቶ ነው ተባለ። ጋሽ ኢተፋ ሻይ ቤት ሲገቡ አንዳንዱ ዋልጌ የስኳር ዕቃውን እንደ ጠርዙ ወታደር በአንድ ጣቱ አንድ ስንዝር ይገፋውና ጓደኞቹ ይስቃሉ። ሰውየው ሻያቸውን ጠጥተው ዝም ብለው ይወጡ ነበር። ወደ ረዲ በረንዳ ተመልሰው አልመጡም። ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ያዮ ዝውውር ጠይቀው ሄዱ፤ መጽሐፋቸውንም ሰሌዳቸውንም ለትምህርት ቤት ሰጥተው።

እትዬ ጫልቱ ዝውውሩን ሲሰሙ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። «በኔ ምክንያት ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ ደክሟቸው ነው አልኳቸው። «ቆይ እስቲ፣ በምን አወቅክ?» አሉ።

ያሸነፉበትን ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ የጻፉበት ባለካሬ ደብተር ከጋዋናቸው ኪስ አይወጣም ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ማሽኑ ሲበላሽ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የምትጠቀለል የላስቲክ ሰሌዳቸውን ዘርግተው ያን አሥራ ስምንተኛ እርምጃ ያቆሙታል። ፈረሱ እዚያ፣ ወታደሩ እዚህ። ባላጋራ ሆኜ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

«አየህ፣ እዚህ ላይ አልቆልኝ ነበር» ይሉኛል። «ይታወቀኛል። ያን ቀንም ሆዴ ውስጥ ታውቆኝ ነበር። ግን የት ላይ እንደሆነ አላገኘሁትም።»

«እትዬ፣ አሸንፈዋል እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

«ማሸነፌንማ አውቃለሁ። ለምን እንዳሸነፍኩ ነው የማላውቀው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያሰለቻል። እሳቸው ግን በየጊዜው አዲስ ነገር እንዳገኘ ሰው ስለሚያዩት ሳላስበው እኔም ተጠመድኩበት። መቱ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ወጣት አስተማሪ ኮምፒውተር ውስጥ የሚጫወት ፕሮግራም አለኝ፣ በደቂቃ ውስጥ ይነግርዎታል ብሏቸው ነበር። አመስግነው እንቢ አሉት። ኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መልሱን ብቻ ነዋ የሚነግረኝ» አሉ።

መልሱ የተገኘው እንዲህ ነው። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት የለም። እኔ መዝገብ የምሞላበት ብርሃን ስላጣሁ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው አስነሣኋቸው። ሰሌዳውን ሳያነሡ ዞረው በኔ ቦታ፣ በነጩ በኩል ተቀመጡ። ስጽፍ ቆይቼ ቀና ስል እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። ለካ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ከዚያ ወገን ተቀምጠው አያውቁም።

«ዮናስ፣ አያሸሸውም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ፈረሱን አያሸሸውም። ይተወውና ንግሥቲቱን ያመጣል። እኔ ፈረሱን ስበላ ከኋላው ያለው ወታደር የኔን ይበላል፣ የሩኩ መንገድ ወለል ብሎ ይከፈታል። ንግሥቲቱ ትገባለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሞቻለሁ!»

ሞቻለሁ ሲሉ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ደጋግመን አየነው። ልክ ነበሩ። ፈረሱን ከበሉ መዳኛ የለም።

በማግስቱ ግን ሰሌዳውን ጠቅልለው አስቀመጡት። ለሁለት ሳምንት አልዘረጉትም። አንድ ቅዳሜ ረዲ በረንዳ ላይ፣ «ለጋሽ ኢተፋ መንገር አለብኝ» አሉን።

ረዲ ደነገጠ። «እትዬ፣ ተዉ ይቅርብዎ። ሰውየው ረስቶት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሸንፈህ ነበር፣ አላየኸውም ማለት እኮ ሌላ ስድብ ነው።»

እኔም የረዲን ሐሳብ ደገፍኩ። የሰውየውን ቁስል መነካካት ነው አልኳቸው። እትዬ ጫልቱ ራሳቸውም ፈርተው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው፤ ደብዳቤ ጽፈው ቀደዱ፣ የጋሽ ኢተፋን ስልክ ከግብርና ቢሮ ተቀብለው ሳይደውሉ ቀሩ። ወር ተኩል ካለፈ በኋላ አንድ ዓርብ ጋዋናቸውን ሲያወልቁ፣ «ነገ ያዮ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አሉኝ። «ቢቆጡኝ ብቻዬን መመለስ አልፈልግም።»

በሚኒባስ ሄድን። ያዮ ላይ ወርደን ጠይቀን፣ ከዋናው መንገድ ገብተን በጭቃው ግማሽ ሰዓት ያህል በጫካው ዳር ተጓዝን። ጋሽ ኢተፋ ያኔ ጡረታ ወጥተው ንብ ያነቡ ነበር። ከቀፎዎቹ መሐል ጭስ ጭስ እየሸተቱ ብቅ አሉ፤ ጸጉራቸው ነጥቷል፣ የድሮው ኮት ግን አለ። እትዬ ጫልቱን ሲያዩ ቆሙ።

«ጫልቱ?» አሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብለው ደኅንነታቸውን ጠየቁ።

ባለቤታቸው በረንዳ ላይ ወንበር አወጡልን፣ ማር በሰሐን አቀረቡልን። ስለ ንቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ተወራ። ቼዝን ማንም አላነሣም። ሁለቱም ደጋግመው ወደ መሬት ያያሉ። ባለቤታቸው ተነሥተው ሲገቡ እትዬ ጫልቱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ጥፋት ይዤ ነው የመጣሁት» አሉ። «ያን ቀን እርስዎ ነበሩ ማሸነፍ የነበረብዎት። አሥራ ዘጠነኛው ላይ። አሁን ነው ያገኘሁት፣ ያገኘሁትን ደግሞ ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። ከተቆጡኝ ይቆጡኝ።»

እትዬ ጫልቱ የላስቲክ ሰሌዳቸውን ዘርግተው ደብተሩን መግለጥ ሲጀምሩ ጋሽ ኢተፋ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

«ደብተሩ አያስፈልግም።»

ከዚያ ጠጠሮቹን ራሳቸው መደርደር ጀመሩ። ንጉሡን፣ ሩኮቹን፣ ወታደሮቹን አንድ ባንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳይሳሳቱ። በመጨረሻ ያን ፈረስ አቆሙ። ልክ እኛ ላቦራቶሪው ውስጥ ስንት ጊዜ ያቆምነው ቦታ ነው። እትዬ ጫልቱ ዞረው አዩኝ።

«ይሄን ነው የምትይው?» አሉ ጋሽ ኢተፋ፣ ፈረሱን ትተው ንግሥቲቱን እያመጡ።

«እሱን! እሱን ነው!»

«አይቼው ነበር።»

«ቆይ እስቲ» አሉ እትዬ ጫልቱ። «አይተውት ነበር?»

«እዚያው እንደተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ምን ሳደርግ የነበርኩ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልተጫወቱትም?»

ጋሽ ኢተፋ የጥቁሩን ፈረስ፣ የእትዬ ጫልቱን፣ አነሡና መሐል ላይ የቆመውን የራሳቸውን ወታደር በሉበት። «በዚህ ምክንያት። ፈረሴን አትበይውም። ትተሽው መሐሉን ትመቺኛለሽ። እንለዋወጣለን፣ ያ ሁሉ ማጥቃት ባዶ ይቀራል፣ ንጉሤ ሜዳ ላይ ይቆማል። ይህን ሳይ ነው የሸሸሁት።»

የእትዬ ጫልቱ እጅ አፋቸው ላይ ወጣ። ንቦቹ ይሰማሉ፤ ከጓሮ ዶሮ ይጮኻል። እጃቸውን ሲያወርዱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ጋሼ» አሉ፣ «እኔ ይሄን አላየሁትም ነበር። ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲህ። ስድስት ዓመት አላየሁትም። ቢተዉልኝ ኖሮ ፈረሱን ልበላው ነበር። እጄ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር።»

አሁን የደነገጡት ጋሽ ኢተፋ ናቸው። «ልትበይው?»

«ይሙቱ ብዬ እምልልዎታለሁ።»

«እኔ እኮ…» አሉና የጥቁሩን የጠርዝ ወታደር በጣታቸው ነኩት። እንደገና ሲጀምሩ ድምፃቸው ወርዶ ነበር። «ከዚያ ከጠርዝ ወታደር ጀምሮ ያላሰብሽበት አንድም እርምጃ አልነበረም። ይህቺ ሴት ይህን አታይም ብዬ ማመን አልቻልኩም።»

«ከተማው ሁሉ ግን ንቋት ነው ያለው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው የኖርኩት።»

«ብንቅሽማ አሸንፍሽ ነበር» አሉ ጋሽ ኢተፋ። «ሲስቁብኝ መልስ ያጣሁት እኮ እውነቱን መናገር ስላቃተኝ ነው። ፈርቻት ነው ብዬ ለማን ልንገር?»

እትዬ ጫልቱ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ከዚያ ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው መለሱና ንግሥቲቱን እንዲያመጡ ጠየቋቸው። ጋሽ ኢተፋ አመጡ።

«ያን ቀን ላደርግ የነበረውን ነው የማደርገው» ብለው እትዬ ጫልቱ ፈረሱን በሉት።

ጋሽ ኢተፋ ትክ ብለው አዩዋቸው። እንደማይቀልዱ ሲያውቁ በወታደራቸው መልሰው በሉ። መንገዱ ተከፈተ። ሩኩ፣ ንግሥቲቱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ «ቼክሜት» ያሉት በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ነው። እትዬ ጫልቱ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላቸው፤ ጋሽ ኢተፋ በሁለት እጃቸው ያዙት። ባለቤታቸው ብቅ ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሁለቱም ሰሌዳውን አሳዩዋቸው።

ወደ ዋናው መንገድ ሲሸኙን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከጨዋታው ሌላ ነገር አላወሩም። እኔ ከኋላ የተሰጠንን የማር ጣሳ ይዤ እከተላለሁ። ሚኒባሱ መጥቶ ገብተን ከተቀመጥን በኋላም ጋሽ ኢተፋ መስኮቱን ይዘው ቆሙ።

«ግን መሐሉን በፈረስ ከመታሽው በኋላ፣ እኔ ወዲያው ባልበላውስ? ባቆየውስ?»

«ካቆዩትማ ንግሥቲቱን አባርራታለሁ!»

«በምን?»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ኢተፋ አብረው ጥቂት ሮጡ። «በምን ታባርሪያታለሽ?» እያሉ ይጮኻሉ። እትዬ ጫልቱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የሆነ ነገር መለሱ፤ ጋሽ ኢተፋ ከጭቃው መሐል ቆመው ሁለት እጃቸውን እያወናጨፉ «አይሆንም! አይሆንም!» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያያል።

ከፊታችን የተቀመጡ ዶሮ ያቀፉ አንዲት እናት ተጨንቀው እትዬ ጫልቱን በኦሮምኛ ጠየቋቸው። «ፊራ ኬሳኒ?» አሉ፤ ዘመድዎ ናቸው ወይ ማለታቸው ነው።

እትዬ ጫልቱ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው አፋቸው ላይ ሊወጣ ጀምሮ ነበር።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ስድስት ዓመት ሁለታችንም አንድ ነገር ስናስብ ኖረናል።»

ከዚያ የላስቲክ ሰሌዳዋን ጭናቸው ላይ ዘረጉና ጠጠሮቹን እንዲይዝላቸው ጋቢያቸውን ከሥር ጠቅልለው አስተካከሉ። መኪናው በመንገዳችን ላይ ያለችውን ሁሩሙን እስኪያልፍ ድረስ ከሰሌዳው ቀና አላሉም።